የአስማማው ጠርሙስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ፍሬኑ የሰነፈበት ሹፌር ወዴት እንደሚሄድ ሰው አይጠይቅም፤ በቀጥታ ወደ አስማማው ይሄዳል። ወደ ወረታ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው በፍሬን አይቀልድም። አስማማውም አይቀልድም። እውነቱን ለመናገር አስማማው በምንም አይቀልድም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው። ሙያውን የተማረው በወታደር ጋራዥ ሲሆን፣ ደርግ ሲወድቅ ከመፍቻ በቀር ምንም ሳይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመኪና ሥር ነው።

ሥራው ለነገሩ ቀላል ነው። የፍሬን መስመር ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ሊጥ ይሰምጣል፤ መኪናውም እሺ ብሎ አይቆምም። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራውም ከፔዳሉ ከሚርቀው ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ይጀመራል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ይረግጥና በመጨረሻ ጫን ብሎ ይይዛል። ሌላው ጎማው ሥር ተጋድሞ አንዲት ትንሽ ብሎን ይፈታል፤ ዘይቱ አረፋውን ይዞ ፊጭ ይላል፤ ብሎኗን ቶሎ ያጠብቃታል። ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ላይ ያለው ሰው ቸኩሎ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ሥራውም እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሁለቱ ሰዎች በሥራ ላይ አይተያዩም፤ የሚገናኙት በድምፅ ነው።

የአስማማው ሁለተኛ ሰው ሚስቱ ጌጤ ነበረች።

ጌጤ የይፋግ ልጅ ናት። ያገባት ሰሞን ጋራዡ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ አጥር ነበረች፤ ረዳት የሚባል ነገር የለም። ፔዳሉን ባለመኪናዎቹ ይረግጡለት ነበር። ሹፌር ደግሞ መቼም ታዛዥ ፍጥረት አይደለም። ያዝ ሲሉት ይለቃል፤ ልቀቅ ሲሉት ሲጋራ ሊለኩስ ወርዷል። አንድ ቀን ጌጤ ምሳ ይዛ ብትመጣ አስማማው በንዴት ጢሱ ወጥቷል። እጇን ይዞ መሪው ጋ አስቀመጣት። ከዚያ በፊት መኪና ተሳፍራ እንጂ መሪ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ያስተማራት ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ያዥ» እና «ልቀቂ»። ሦስተኛውን እሷ ከራሷ ጨመረችበት። «ያዥ» ሲላት ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይይዛል፤ ጌጤ ግን ከላይ «ይዣለሁ» ብላ ትመልስለታለች። በዚያ ቀን ፔዳሉ በመጀመሪያው ዙር ድንጋይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ። ልጅ አልሰጣቸውም። ያላቸው ነገር ይቺው ነበረች፤ ከሥር «ያዥ»፣ ከላይ «ይዣለሁ»። አስማማው ቤት ውስጥ የማይናገረውን ያህል ከመኪና ሥር ሆኖ ደግሞ ይናገር ነበር፤ ፊቷን ስለማያይ ነው መሰል አፉ ይፈታል።

አንድ ቀን ሁለቱ እንዲህ እየሠሩ ሳለ ሞተሩ የፈላበት አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ ቆመና ሹፌሩና ረዳቱ አስማማውን እየጎተቱ ወሰዱት። ብሎኗን አጥብቋል፤ «ልቀቂ» ማለቱን ግን ረስቶ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ጌጤ እዚያው ናት፤ ፔዳሉን እንደረገጠች፣ ላብ በግንባሯ እየወረደ። ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ «ልቀቂ መቼ አልከኝ?» አለችው። እግሯ ደንዝዞ መቆም ስላቃታት ታቅፎ ነው ያወረዳት። የሰፈሩ ሹፌሮች ይህን ወሬ ዓመት ሙሉ ሲስቁበት ከረሙ። አስማማው ግን አልሳቀም። ያን ቀን ሚስቱን ምን ያህል እንደሚወዳት አወቀ፤ ነገራት ወይ ቢባል ግን አልነገራትም።

በ2005 ዓ.ም. መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ፈረሰ። አዲስ ቦታ ቢያገኙም ጋራዥ የሚሠሩበት ገንዘብ አጡ። የጌጤ እኩዮች አንድ በአንድ አረብ አገር እየሄዱ ነበርና እሷም ተነሳች። ለሁለት ዓመት ነው አለች። አስማማው ግሪስና ዘይት የነካውን እጁን እያየ «እንዳሻሽ» አላት፤ ሄደች፤ ሪያድ ከአንድ ቤተሰብ ጋ በሠራተኝነት ገባች።

ከሄደች በኋላ ፔዳል የሚረግጥለት ማንንም አላስጠጋም። ቢያስጠጋም በሁለተኛው ቀን ያባርራል። በመጨረሻ ከሆስፒታል የተጣለ የግሉኮስ ቱቦ አገኘ። የቱቦውን አንድ ጫፍ ብሎኗ ላይ ሰካ፤ ሌላውን ጫፍ ዘይት በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ ራሱ ወጥቶ ፔዳሉን ረገጠ። አየሩ ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ ሲለቀው የሚመለሰው አየር ሳይሆን ዘይት ነው። ሠራ! አስማማው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ጌጤ እሑድ እሑድ እሱ ከቅዳሴ ሲመለስ ትደውላለች። በዚያ ሳምንት ስትደውል ስለ ጠርሙሱ ነገራት። ሁለት ዓመቷን ልትጨርስ አንድ ወር ቀርቷት ነበር፤ ሥራው እንዴት ሆነልህ እያለች ስትጨነቅበት ከርማለች። እሱም ሊያሳርፋት ብሎ፣ «ስለ እኔ አታስቢ። አሁን ብቻዬን እሠራለሁ፤ ሰው አያስፈልገኝም» አላት። «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለች ጌጤ።

በወሩ ሁለት ዓመት ጨመረች። ከዚያም ሌላ ሁለት ዓመት። አስማማው ገንዘቡ ጥሟት ነው ብሎ ደመደመ። አልጠየቃትም፤ የእሑዱ ወሬ ስለ ዝናብና ስለ ዘመድ ብቻ ሆነ። ናፍቆቱን ግን ማን ያውቅለታል? አንዳንድ ቀን ጎማ ሥር ተጋድሞ፣ ላይ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ ጆሮው ይጠብቃል።

በ2011 የፋሲካ ማግስት እንደ ወጉ አማቱን ሊጠይቅ ሙክት ይዞ ይፋግ ሄደ። ወይዘሮ እቴነሽ አማቻቸውን ተቀብለው፣ ከሰፈር ሰው ሁሉ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ጌጤ በመጪው ሐሙስ እንደገና ልትፈርም እንደሆነ ነገሩት፤ ለምን አትመልሳትም አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ የምትፈርመው እርሷ እንጂ እኔ ነኝ ወይ ብሎ መለሰ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ሰው አያስፈልገኝም ያልካት?» አሉት እቴነሽ። «ያን ዕለት ለእኔ ደውላ ስታለቅስ ዋለች። በጠርሙስ ተካኝ አለችኝ፤ ልጄ።»

አስማማው የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነሳ። «ይማሩኝ እማማ፤ አላወቅሁም» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ወረታ ወርዶ፣ አለም በርን አልፎ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ከአራት ዓመት በፊት የተናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያገላብጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፋሲል የሚባል ሹፌር ፍሬኑ የሰመጠ ሚኒባስ አመጣለት። አስማማው ከኋላ በቀኝ በኩል ክሪኩን ተከለ፤ ገባ፤ ቱቦውን ሰካ። ጠርሙሱን አየው። ከዚያ እዚያው እንደተጋደመ ስልኩን አወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ እሱ ሲደውል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ጌጤም ስታነሳ ደንግጣ እናቴ ምን ሆነች አለች።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አለ። «ጠርሙሱ አየር ያወጣል። ፔዳሉም ይጠጥራል። ግን አይመልስልኝም፤ ጌጤ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር ዝምታ ነው የምሰማው። ሰው አያስፈልገኝም ያልኩሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው። ውሸቴን ነው።»

ከወዲያ የሰው ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«የትኛው ጎማ ላይ ነህ?» አለች ጌጤ።

«የኋላ ቀኝ።»

«ገና መጀመርህ ነዋ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ። ከዚያ ሐሙስ ወረቀቱን ሲያመጡልኝ ምን ልበላቸው ብላ ጠየቀችው። ያለው ውል የሚያልቀው ነሐሴ ላይ ነው፤ ገና አራት ወር አለ።

«አትፈርሚ» አላት። ሌላ ቃል ፈለገ፤ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ብዙ ቃል ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። የመጣለት አንድ ብቻ ነው። «ያዥ» አላት።

«ይዣለሁ» አለች ጌጤ።

ወዲያው እመቤቷ ጠራቻትና መስመሩ ተቋረጠ። ፋሲል ከላይ ጎንበስ ብሎ አለቀ ወይ ሲል ጠየቀ። አስማማው በዘይታም እጁ ዓይኑን ጠረገና ወደ ብሎኗ ተመለሰ። «ልቀቂ» አላላትም።