ይፈታ ያልኩት ጣራ

ከከተማ የመጣው የጥገና ባለሙያ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ለእኔ ብቻ የተናገረው አጭር ነበር። «ታቦቱ ይውጣ፤ ጣራው ይፍረስ። ክረምቱ ሳይገባ።»

ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው አገራችን። አማርኛ ለገበያና ለቀበሌ ይበቃቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን በአፍ መፍቻቸው በኽምጠኛ መስማት ይፈልጋሉ። እኔ የተጠራሁት ለዚሁ ነው። ግጥም እጽፋለሁ ስል የሚስቅብኝ ሁሉ ቋንቋ ሳገላብጥ አይስቅብኝም።

ችግሩን የማያውቅ አልነበረም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ሦስት ሰው ብትጠይቅ ሦስት ንጉሥ ይጠሩልሃል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ የጥንቱ እንጨት እንዳለ ቀረ፤ ውሃው በምስማር ቀዳዳ እየገባ የመቅደሱን ግድግዳ ሲያርሰው ኖረ። አሁን ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ወጥቷል። ለቅዳሴ ስንቆም አፈር ራሳችን ላይ ይረግፋል። ንግሡ ደግሞ ደርሷል፤ ያን ዕለት ከአምደወርቅ ድረስ ሰው ይመጣል፣ ውስጡ እግር መጣያ አይገኝም። ቢወርድ የሚወርደው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ነው።

«ይፍረስ» የሚለውን ቃል ግን አፌ ውስጥ ያዝኩት። በእኛ ዘንድ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ክህነቱን ያጣ ቄስም ፈረሰ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ መስቀሉን የሚሳለም የለም። ከዚህ ባለሙያ በፊት የመጣው ሌላ ሰው ይህንኑ ቃል በገዛ አፉ ተናግሮ ሴቶቹ ዋይታ አቀለጡ፣ ወንዶቹ ዱላ ይዘው የቅጥሩን በር ዘጉበት። በሽምግልና ነው ያስወጡት። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ፣ ከውጭ መጥቶ ይፍረስ የሚል ሰው ለእኛ ሰው ከጠላት ሌላ ስም የለውም።

ስለዚህ በኽምጠኛ ይፈታ አልኳቸው። ቋጠሮ እንደሚፈታ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ የጣራው እንጨት ሁሉ የታሰረው በጠፍር ነው፣ በደረቀ የበሬ ቆዳ። የታሰረ ይፈታል፤ የተፈታ ተመልሶ ይታሰራል። በቃሉ እንደ ጥሩ ስንኝ ደስ አለኝ።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ የሚተርበኝ፣ «ይሄ ልጅ ቤት ሲመታ እንጂ ቤት ሲፈታ አይተነው አናውቅም» አለና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ጠየቀኝ፤ ከተፈታ የሚቆረጥ ነገር የለም ማለት ነው?

ባለሙያውን ሳልጠይቅ «የለም» አልኩ።

ገበዙ አባ ከሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው፣ በግድግዳው በኩል መቋሚያቸውን ተደግፈው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ናቸው፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ታቦቱ ንቅንቅ አይልም። አንዴ አዩኝና «እንግዲያው ይፈታ» አሉ። ባለሙያው ምን አሉ ሲለኝ ተስማምተዋል አልኩት።

ታቦቱ ወጣ። በቅጥሩ ጥግ ለጊዜው ማረፊያ መቃኞ ሠራንለት፤ ሸራውን የሰጡን ሰቆጣ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው።

ሥራው ሲጀመር የቃሌ ዋጋ ታየኝ። ሠራተኞቹ መጋዝ ይዘው ከከተማ መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ከሥር ተሰልፈው መጋዝ ብልጭ ባለ ቁጥር ይነሣሉ። ጠፍሩ እንደ ብረት ደርቋል፤ በእርጥብ ጨርቅ እየተጠቀለለ፣ እስኪለሰልስ እየተጠበቀ፣ በጥፍር ይፈታል። ባለሙያው ለምን እንዲህ እንደሚዘገይ ሲጠይቀኝ የአገሩ ልማድ ነው አልኩት። በየቀኑ ከሰዓት ደመናው ከተራራው ላይ እየወረደ ይቀርበናል፤ እኔ ሰማዩን አያለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ፣ ስንኝ ጠፋብኝ።

በመጨረሻ የቀረው እንጨቶቹ ሁሉ የሚገናኙበት የጣራው ራስ ነበር። አንድ ሠራተኛ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወጣ። ቋጠሮውን ሲታገል ነፋስ ተነሣ፤ ቆርቆሮው አስቀድሞ ስለተነሣ ነፋሱ እንጨቱን እየያዘ ያወዛውዘው ጀመር። ከመቅደሱ ግድግዳ ትንንሽ ድንጋይ መርገፍ ጀመረ።

«ቁረጠው!» አለ ባለሙያው።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። «አይቆረጥም። ቃል አለን።»

ሠራተኛው መጋዙን በአንድ እጁ እንደያዘ ወደ ታች አየ። የሚያየው እኔን ነበር። ባለሙያውም ወደ እኔ ዞረ፤ «ምን ቃል ነው?»  የማውቃቸው ሁለት ቋንቋዎች ሁለቱም ከዱኝ።

አባ ከመቃኞው በር ተነሥተው መጡ። ባለሙያውን በጠራ አማርኛ፣ እንደ ቅዳሴ ሳይጣደፉ፣ «አንተ ያልከው ይፍረስ ነበር፤ ሰምቻለሁ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ያልከውንም ሰምቻለሁ። ወገኖቼ ያለዚያ ቃል ከዚህ ቤት አይወጡም ነበርና ዝም አልኩ። አሁን ግን ከላይ ሰው አለ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያ ተራቢው፣ «አባ፣ ቃሉስ?» አላቸው። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ቃሉን እኔ ፈትቼዋለሁ» አሉ አባ፣ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው። ግዝት የሚፈታ ካህን ነው። ቀና ብለው ሠራተኛውን «ቁረጥ፣ ልጄ» አሉት።

ሁለት ጊዜ ሲገዘግዝ ጠፍሩ ጮኸ። እንጨቶቹ ተለያይተው በመወጣጫው ላይ በታሰሩበት ገመድ ተንጠለጠሉ። ሰዎች የወገቡን ገመድ እየለቀቁ ሠራተኛውን አወረዱት፤ እግሩ መሬት ሲነካ ጎትተን ወደ ወይራው ሮጥን። ከኋላችን ግድግዳው አልወደቀም፤ ሰው ሲደክመው እንደሚቀመጥ ቁጭ አለ። አቧራው ሁላችንንም ሸፈነን። ሠራተኛው እያሳለ እጁንና እግሩን ይዳብስ ነበር።

ድምፁን የሰማ ሕዝብ የቅጥሩን በር ይደበድባል። አባ አቧራውን ከጥምጥማቸው ሳያራግፉ ወደ በሩ አመለከቱኝ።

«ሂድ፤ ፈረሰ በላቸው። በትክክለኛው ቃል።»

በሩን ከፈትኩና በኽምጠኛ ነገርኳቸው። ዋይታ ስጠብቅ ከፊት የቆመች ሴት ከውስጥ ሰው ቀርቷል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ማንም አልቀረም አልኳት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና፣ ዝናቡ ሳይወርድ ድንጋዩን ከአፈሩ ለመለየት ገፍታኝ ገባች።