በጨዋታ ለሞተው ለቅሶ

ሆሳዕና ከተማ ከጎናችን የተከራየ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በረንዳው ላይ ይጫወታል። ወረቀት ላይ የፈጠሩትን ጀግና ሆነው፣ ቁጥር ያለበት ጠጠር እየወረወሩ ከአውሬ ጋር ይዋጋሉ። ሕጉን የጻፈው እሱ ነው፤ አሁን ሁለተኛውን እትም ያዘጋጃል።

"ምን እንቀይር?" አላቸው።

"የአውሬው ጉልበት ይቀነስ" አለ አንዱ።

ወዲያው የሌላኛው ባልደረባ ጀግና፣ ላምቤቦ የሚባለው፣ በአውሬው ተሸንፎ ሞተ። ወረቀቱን ቀደው ሊቀጥሉ ሲሉ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ፣ በራፋችን ላይ ልጄን ሜሮንን እያጠባሁ ከአፌ አመለጠኝ።

"ለቅሶ ሳትደርሱ?"

ሳቁ። መምህሩ ግን፣ "የሜሮን እናት እውነቷን ነው፤ እንሞክረው" ብሎ ተነሣ። የራሱን ጀግና ሆኖ፣ ላምቤቦ ከወንዝ እንዴት እንዳወጣው እንደ ለቀስተኛ ተናገረ።

የላምቤቦ ተጫዋች ተራው ሲደርስ የተቀደደውን ወረቀት ይገጣጥም ጀመር።

"የታላቅ ወንድሜ ስም ነው" አለ። "ሲቀበር አልደረስኩም።"