የመምህሯን ድንጋይ በሎሚ አጠብኩት

ዛሬ ሐሙስ፣ ጥር 14 ነው። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም... ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

እናቴ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አራት ክፍል ያለው አልጋ ቤት አላት። እኔም ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ጀምሮ አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል እጠርጋለሁ። በዚህ ሳምንት ያረፈችው እንግዳ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። የመጣችው ድንጋይ ልትመረምር ነው። ሲነግሩኝ ሳቄ መጥቶ ነበር። እኛ አገር ድንጋይ ከእርሻ እየተለቀመ ይጣላል እንጂ ማን ይፈልገዋል...

ሴትዮዋ ግን ደግ ናት። ማክሰኞ በረንዳው ላይ ጠርታኝ አንድ ጥቁር ድንጋይ በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው አለችኝ። ያጠቆረው ውስጡ ያለው ብረትና ማግኒዥየም ነው። አረንጓዴዋ ፍሬ ኦሊቪን ትባላለች። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ቅላጩ ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋ የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። እንደዚያ ጊዜ ሰጥቶ ያስረዳኝ ሰው ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ትናንት ግራና ከምትባለው ከተማ በላይ ካለው ተራራ ሌላ ድንጋይ ይዛ መጣች። ተሸክመው ያወረዱላት መንገድ መሪዋ፣ የግራናው ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመርን የማያውቅ የለም። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ የሚተወው እሳቸው ጋ ነው።

መምህሯ ድንጋዩን በጨርቅ ከረጢቱ እንደታሰረ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ከሾፌሯ ጋር ወልድያ ደርሳ ልትመለስ ሄደች። እናቴ የእንግዳ ዕቃ ቆሽሾ ማደር የለበትም ትላለች። አቧራ የጠገበ ጫማዋን አጠብኩላት። ከዚያ ከረጢቱን ፈትቼ አየሁ። ድንጋዩም አቧራ ለብሷል፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ልክ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት።

የእኛ ሰፈር ሴት ያንን ቅርፊት በምን እንደምታስለቅቅ ታውቃለች... በሎሚ።

ያለንን ሎሚ ሁሉ ጨመቅሁበት። ነጩ ነገር አረፋ ማውጣት ጀመረ። እድፉ እየለቀቀ መሰለኝ። ዘፍዝፌ ቆየሁና የቀረውን በመርፌ ፈለቀቅሁት። ምድጃ ዳር አድርቄ፣ ከረጢቱን እንደነበረ አሰርኩት። «ማነው ያጠበልኝ?» ስትል ታየኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ሁሉ ለራሴ እየተለማመድኩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዤላት ስወጣ ከረጢቱን እየፈታች ነው። ድንጋዩን አገላበጠችው። ከትንሽ ብልቃጥ አንድ ጠብታ አሲድ ጣል አደረገችበት። ምንም የለም። ሌላ ጠብታ... ምንም።

«ትናንት ተራራው ላይ ስሞክረው አረፋ አውጥቶ ነበር» አለች።

ለሾፌሩ ስታስረዳው እኔም ሰማሁ። ነጩ ነገር ካልሳይት ይባላል። ድንጋዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ትቶት የሄደ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችውም እሱን ፍለጋ ነው።

እኔ በሎሚ ያስለቀቅሁት እሱን ነው።

ሾፌሩ የወልድያ ልጅ ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ለዛሬው ጉዞ መጥተው ደጃፍ ላይ ወደተቀመጡት ጋሽ ይመር ዞረና፣ ሲከብድዎት ጥለውት ከወንዙ ሌላ አንስተው ነው እንዴ አላቸው። ደጃፉ ላይ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ይመርም ሳቁ።

«ድንጋይ ልለውጥ ብል ቀለል ያለውን አልመርጥም?» አሉ።

መምህሯ ግን አልሳቀችም። በመንገድ ላይ ከረጢቱን ያስቀመጡበት ወይም ለሰው የሰጡበት ጊዜ እንዳለ ጠየቀቻቸው። በትሕትና ነው የጠየቀችው... እሱ ነው የባሰው።

ጋሽ ይመር ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ የሰጠሽኝን ነው ያመጣሁልሽ። ወላሂ የሰው አደራ ለውጬ አላውቅም።»

እኔ ነኝ ያጠብኩት ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ዓይን ወደኔ ሲዞር ታየኝ። ሻዩን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስወጣ ጋሽ ይመር የሉም። ሻያቸውን እንኳ አልነኩትም። መምህሯ ለነገ ሌላ መንገድ መሪ እንዲፈለግላት እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የምታውቃቸው... እሷ እንኳ «እርጅና ነው መቼስ፣ ደክሟቸው ይሆናል» አለች። ቁልፍ የሚተውላቸው ሰውም ከእንግዲህ ሁለቴ ያስባል ማለት ነው።

ከሰዓት ላይ የሎሚውን ልጣጭ በላስቲክ ቋጥሬ ማንም ሳያየኝ ራቅ አድርጌ ጣልኩት። ድንጋዩን ያጠብኩት ባለማወቅ ነው። ልጣጩን የጣልኩት ግን አውቄ ነው። የመጀመሪያውን አላህ ይቅር ይለኝ ይሆናል... ሁለተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም።

ነገ ጠዋት መምህሯ ሳትወጣ በሯን አንኳኩቼ እነግራታለሁ። ከዚያ በመጀመሪያው መኪና ግራና ሄጄ ጋሽ ይመርን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሺ ካሉኝም ይዣቸው እመጣለሁ። እዚያው በረንዳ ላይ፣ ጎረቤቱ፣ ሾፌሩም እናቴም ባሉበት ደግሜ እናገረዋለሁ።

የሳቸው ስም የጎደፈው በሰው ፊት ነው፤ እኔ በሹክሹክታ ላነጻው አልችልም።