ጦጣና ቧንቧ ይዤ ወደ ለሚ ኩራ

ማክሰኞ ጠዋት ከወሎ ሰፈር የተነሳሁት ሕፃናትን ውሃ መቆጠብ ላስተምር ነው። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን የሥዕል መጽሐፍ ለሚ ኩራ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ላነብ ቀጠሮ አለኝ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጫልቱ በስልክ ቁርጡን ነግረውኛል፤ ልጆቹ ከወደዱት በየክፍሉ ይነበባል፣ ካልወደዱት ካርቶኔን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ፊቴን ልታጠብ ቧንቧ ብከፍት አየር ብቻ ተነፈሰ። በጀሪካን ውሃ ተለቃልቄ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ከሥሬ ባለው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ «ይቅናሽ» ብለው ሸኙኝ።

ሁለት ሰዓት፣ ታክሲ ውስጥ

ካርቶኑን አጠገቤ ባስቀምጥ ረዳቱ «ማዘር፣ ወንበር ከያዘ ይከፍላል» አለኝ።

«መጽሐፍ እኮ ነው።»

«ታዲያ የተማረ ተሳፋሪ ነዋ።»

ጭኔ ላይ አደረግሁት፤ መገናኛ ስንደርስ እግሬ ደንዝዟል። ከዚያ በሌላ ታክሲ ሳሊተ ምሕረትን አልፌ፣ ሁለት ፓስቲ በልቼ፣ የግንባታውን አቧራ ለብሼ ለሚ ኩራ ገባሁ።

አራት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ

መጽሐፌ ላይ አንዲት ጦጣ ቧንቧ ከፍታ ትሄዳለች። ውሃው የሚንዠቀዠቅበትን ገጽ ገልጬ «ልጆች፣ አሁን ምን እናድርግ?» አልኩ። «እንዝጋው» እንዲሉኝ ነበር የጠበቅኩት።

«ውሃ መጣ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ግማሾቹ ባልዲ ፍለጋ ተነሱ።

ወይዘሮ ጫልቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ በድምፁ እንድናውቅ ቧንቧውን ከፍተን፣ ባልዲ ደቅነን ነው የምንጠብቀው። ጦጣዎ ለእኛ ልጆች ጎበዝ ናት» አሉኝ።

ክው አልኩ። ካርቶኑ ተመልሶ ጭኔ ላይ ሲወጣ ታየኝ። ያኔ ፊት የተቀመጠች ሶሊያና የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጦጣዋ ስትሄድ ቤት ማን ቀረ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ባልዲው ሲሞላ ማን ይዘጋዋል?»

ልጆቹ ጦጣዋን ይወቅሷት ጀመር፤ አንዱማ ትገረፍ አለ። ወይዘሮ ጫልቱ ካርቶኑን ተቀብለው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ። የጠዋቱን ቧንቧ መዝጋቴን ማስታወስ አልቻልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ውሃው ደረጃውን ይወርዳል። እትዬ ዘይነባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በባዶ እግራቸው ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«መጽሐፉ እንዴት ሆነ?»

«ወደዱት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እሰይ» አሉና መወልወያውን አቀበሉኝ። «በይ እኔ ቤት ስትወለውዪ ታነቢልኛለሽ።»