ግንደ ቆርቁር የጠራን ዕለት

ወፍ ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ ወፉን አያይም። አራቱን ሽማግሌዎች አዘዞ ከአውሮፕላን ከወረዱበት ሰዓት ጀምሮ ስከታተላቸው ይህን አረጋገጥኩ። ወፍ ብቅ ሲል መነጽራቸውን ያነሳሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ወፉ ወድቆ ቢሞትም ግድ የላቸውም። አንዷ ሴትዮ ሽቦ ላይ ያረፈች ርግብ አይታ "ይቺ አለችኝ" ብላ ፊቷን አዞረች። አለችኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ የማያትን ርግብ እኔ አንድ ቀን እንኳ የኔ ናት ብዬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚኖሩበት አንድ የተራራ አገር ሄደው ነበር። እኛን የሚያዩን በዚያ አገር በኩል ነው። ገደል ሲያዩ "የዚያኛው ይበልጣል" ይላሉ። ቄስ ሲያልፍ "እዚያ ቀይ ነው የሚለብሱት" ይላሉ። ገበሬ ሲስቅ "እንደዚያኞቹ ደስተኛ ሕዝብ ናቸው" ይባባላሉ፤ ገበሬው የሚስቀው ግን በኮፍያቸው ነበር። የአራቱም እጅ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አንድ መነኩሴ ባርኮ እንዳሰረላቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። እኔ አንገቴ ላይ ያሰርኩትን ማዕተብ ግን ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እኔ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ግጥም የምጽፍ፣ እንግሊዝኛን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልክ የለቀምኩ ሰው ነኝ። ጎንደር እንግዳ ካየች ቆይታ ነበር። ከአዲስ አበባ ይዟቸው የመጣው አስጎብኚ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ እኔን አገኘ።

"ገጣሚው፣ ግንደ ቆርቁሩን ካሳየሃቸው ከእንግዲህ ጎንደር ላይ የኔ ሰው አንተ ነህ፤ ሌላ አልፈልግም" አለኝ። "ካላዩት ግን ተመልሰህ ግጥምህን ጻፍ።"

ግንደ ቆርቁሩ ማጅራቱ ላይ ቀይ ያለበት ትንሽ ወፍ ነው። ፈረንጆቹ ከሁሉ ይበልጥ የፈለጉት እሱን ነበር። የት እንዳለ አውቃለሁ። ኮሶዬ አጠገብ፣ ያደግኩበት ደብር ግቢ ውስጥ ካሉት ያረጁ ጽዶች ላይ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታም የሚኖሩት እዚያው ነው። ከሁለት ቀን በፊት ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩና ለመንኳቸው።

"ይግቡ፤ እንግዳ አይከለከልም" አሉ። "ጾመ ነቢያት ነው፣ ሱባኤ የያዙ ሰዎች አሉ። በግቢው ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር እንዳይጮህ። ቃልህን ስጠኝ።"

"ቃሌ ነው፣ የኔታ።"

"ቅኔ ሳትቆጥር ገጣሚ ነኝ ያልክ ሰውዬ፣ ቃልህ ስንት ያወጣል?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለደብሩ ሰዎች ዋስ የሆኑልኝ እሳቸው ናቸው።

ኮሶዬ ስንደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ መኪናው ቆመ። ከአራቱ ረጅሙ ሰውዬ ከቦርሳው አምስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ጨርቆች የተሰፉበት ገመድ አወጣ። በዚያ አገር ጸሎት ይጻፍበትና ንፋሱ እንዲያደርሰው ይሰቀላል አሉ። በሁለት ዛፎች መካከል ወጥሮ አሰረውና ዓይኑን ጨፈነ። ካልታጨደው ገብሱ ዳር ቆሞ የሚያይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ እኔ ተጠጋ።

"ምነው፣ ይኸ ደሞ የማን ባንዲራ ነው? አዲስ መንግሥት መጣ እንዴ?"

"የጸሎት ነው፣ አያ።"

"ለማን የሚጸለይ?"

"ለሁሉም። ለሰውም ለወፍም።"

ጨርቁ በንፋሱ ሲርገበገብ ቆም ብሎ አየው። "አይ፣ ሸጋ ነው። ወፍ ያስበረግጋል። እናንተ ስትሄዱ ገብሴ ላይ አስረዋለሁ።"

ፈረንጆቹ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። "በጣም ወዶታል" አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

ደብሩ ስንደርስ ከውጭኛው በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ጫማ የሚወልቀው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ እዚያ አገር እንዲህ አይደረግምና አልሰሙኝም። ሃያ እርምጃ ሳይራመዱ የጽዱ ጭራሮ በካልሲያቸው አልፎ ይወጋቸው ጀመር። አንድ ቦታ ተገትረው ቀሩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ወፉ የለም፤ ድምፁም የለም። ረጅሙ ሰውዬ ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ጀመረ። አስጎብኚው ከኪሱ ትንሽ ስፒከር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"እስከ ውስጥ ድረስ ይዘኸው ግባ። የራሱ የግንደ ቆርቁር ድምፅ ነው። ሌላ ወንድ ቦታውን ሊቀማው የመጣ ይመስለውና ይወጣል።"

"ቃል ገብቻለሁ፣ ጋሼ። መሣሪያ አይጮህም ብያለሁ።"

"ይህ ምን መሣሪያ ነው? ወፍ ነው። ወይስ ማራኪ ገብተህ ጣራ ልትቆጥር ነው?"

ያዝኩት። የናቅኋቸው ሰዎች እግራቸውን ስለወጋቸው እንኳ ቆመዋል። እኔን የወጋኝ ነገር አልነበረም፤ በጫማዬ እየተራመድኩ ገባሁ።

ስፒከሩ ሁለት ጊዜ እንደጮኸ ወፉ መጣ። ከራሴ በላይ ካለው ግንድ ላይ ተለጠፈ። ዞረ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ባላጋራውን ፈለገ። ከዚያ ግንዱን ይደበድብ ጀመር፤ ትል ሲፈልግ እንደሚቆረቁረው አይደለም፣ በንዴት ነው። ከኋላዬ የካሜራው ጠቅታ እንደ በረዶ ወረደ። ጸሎቱን ለንፋስ አደራ ብሎ የመጣው ሰውዬ፣ ጎል እንደገባለት ልጅ፣ አየሩን በጡጫ መታ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ስፒከሩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ከኪሴም ሆኖ መጮኹን አላቆመም።

"ተርጉምላቸው" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ይህ ወፍ እስኪመሽ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ይውላል። እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ግን መሄዳችሁን አያውቅም። እዚህ እኛ ሁላችን እንግዶች ነን፣ እሱ ባለቤት ነው። ባለቤቱን በገዛ ቤቱ አታለላችሁት በላቸው።"

አስጎብኚው አየኝ። እኔም ወደ ፈረንጆቹ ዞሬ፣ "በመምጣታችሁ ተደስተዋል፤ ወፉም የእናንተ ነው ይላሉ" አልኩ።

አራቱም መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው፣ እዚያ አገር እንደተማሩት፣ ፈገግ ብለው አጎነበሱ። የኔታ ያጎነበሱትን አራት ራሶች አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"ተግሣጽ ሰምቶ እንዲህ የሚስቅ ሰው የለም" አሉ። "ያልኩህን አልነገርካቸውም።"

ስፒከሩን አውጥቼ አጠፋሁትና ለአስጎብኚው ሰጠሁት። ከዚያ የኔታ የተናገሩትን በሙሉ፣ ቃል መግባቴን፣ አሁን መዋሸቴንም ጨምሬ ለፈረንጆቹ ነገርኳቸው።

ረጅሙ ሰውዬ ወደ አስጎብኚው ጠጋ ብሎ፣ "ግን ይቆጠራል፣ አይደል?" ብሎ ሹክ አለው። ይቆጠራል ተባለ። ደብተሩ ላይ ምልክት አደረገ። ያቺ "ይቺ አለችኝ" ያለችው ሴትዮ እስክሪብቶዋን አውጥታ ነበር፤ መልሳ ከተተችው። በዚህ ምክንያት ልወዳት አልፈልግም። ግን አይቻለሁ።

ስንመለስ ጨርቁ አፋፉ ላይ አልነበረም። ሽማግሌው ገብሱ ላይ ወጥሮታል፤ ወፎቹ ከማሳው እየተነሱ ይበርራሉ። ለማየት መኪናውን ያስቆመ የለም። አስጎብኚው ፒያሳ ላይ አወረደኝ። "ደህና ሁን፣ ገጣሚው" አለ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ከወር በኋላ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ስስም አልከለከሉኝም። ከጽዶቹ መካከል የቁርቆራው ድምፅ ይሰማል።

"ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ተመለሰ" አሉ።

ስለዚያ ቀን ሌላ አልተናገሩም። አሁንም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ይመርቁኛል፣ ይቀልዱብኛልም። ዳግም ቃልህን ስጠኝ ብለውኝ ግን አያውቁም።