ከጣሪያው በላይ ያለው መንገድ

ወንበር ከማከራየት ተነስታ የሠርግ አዳራሽ ያቆመችውን ሴት ሰፈሩ «ፀሐይቱ» ይላታል። ጣሪያዋ ላይ ሰማዩን የሚሰነጥቅ ትልቅ መብራት አስተክላ ነበርና፣ እንግዳ አድራሻ ሳይጠይቅ ብርሃኑን ተከትሎ ከች ይል ነበር።

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። «እትዬ፣ በአዲሱ ደንብ የውጭ መብራት ሁሉ ክዳን ተደርጎለት ወደ መሬት መዞር አለበት። ወደ ሰማይ ማብራት ቀርቷል» አላት።

«ምነው፣ ሰማዩ ከሰሰኝ እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ደመና ዝቅ ባለበት ምሽት፣ ግቢው ውስጥ የደራው ጭፈራ ድንገት ቀጥ አለ። ወጥታ ብታይ ሠርገኛው ሁሉ አንጋጧል። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተጓዥ ወፎች ብርሃኑ ውስጥ ገብተው መውጫው ጠፍቷቸው እየጮኹ ይሽከረከራሉ። አንዷ ደክሟት ፀሐይቱ እግር ሥር ዱብ አለች።

«እማዬ፣ ኧረ አጥፊው!» አለች ልጇ።

ፀሐይቱ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። መብራቱን ስታጠፋው ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። ከዚያ የዚያ ሁሉ ክንፍ ድምፅ እንደ ነፋስ ከራሷ በላይ አልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ነጎደ። ሙሽራዋ ሳትቀር እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ፀሐይቱ ወርዳ የወደቀችውን ወፍ አነሳቻት። እፍኝ አትሞላም፣ ልቧ ግን መዳፏን ይደበድበዋል። ጥቂት አርፋ እሷም ተነስታ በረረች።

ሲነጋ ተቆጣጣሪው ጋ ደወለች። «ያ ክዳን ያልከኝን ማን ይሠራልኛል?» አለችው። «ለካ በጣሪያዬ ላይ መንገድ አለ! ይህን ሁሉ ዓመት ስዘጋው ኖሬአለሁ።»