ደም ላለመመለስ የወጣ ሰው

ሰው አገሩን ጥሎ የሚወጣው በጨለማ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የገነተ ማርያም ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። እናቴ ገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አልጠየቀችኝም። ታናሼ ጌጡ እስከ መንገዱ ሸኘኝና "ጠብመንጃውስ?" አለኝ። "እንዳትነካው!" አልኩት። ጋሸና ላይ የጭነት መኪና አግኝቼ ከሹፌሩ ጎን ስቀመጥ፣ ራሴን የሰላም ሰው አድርጌ ቆጠርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲያልፍ መሣሪያውን በየቤቱ ትቶልን ሄደ። በፊት በዱላ ያልቅ የነበረ የድንበር ጠብ በጥይት ሆነና ጎረቤታችን ደሴ ታላቅ ወንድማችንን ሲሳይን ገደለው። በለቅሶው ላይ አልቃሿ ስሜን እየጠራች፣ ሟቹ ወንድም ያለው መስሎት እንደሞተ ገጠመችብኝ። ከዚያ ወዲያ ጠላ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። ማንም ግደል አላለኝም፤ ሁሉም ግን ይጠብቃል። ደሴ ሽማግሌ ላከ፣ አባቴም ቄስ ናቸውና እሺ አሉ። እኔ ግን ደሴን ማሳው ላይ ባየሁት ቁጥር ጣቴን ይበላኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የሸሸሁት ከዚሁ ጣቴ ነው። ይህንን ለአባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም።

በሞያሌ አድርጌ፣ ናይሮቢን አልፌ ካምፓላ ገባሁ። እዚህ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ የላስታ ውርጭ ይናፍቀኛል ብዬ መቼ አስቤ! ማቶኬ የሚሉት ምግብ አላቸው፣ ያልበሰለ ሙዝ ቀቅለው ያቀርቡልሃል። ድንች መስሎኝ ጎረስኩና አፌ ውስጥ ግራ ገባኝ። ሰላምታቸው ግን የእኛን ያስንቃል፣ ሴቶቹ ተንበርክከው ነው ደህና ዋልክ የሚሉህ።

አከራዬ ማማ ሮዝ አሮጊት ናቸው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት "የእናንተ ጦርነት አለቀ ወይስ ገና ነው?" አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው።

"አለቀም ይላሉ፣ አላለቀምም ይላሉ" አልኳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"የእኛም እንዲሁ ነበር። ሕፃን እንኳ ጥርስ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚነክሰው እናቱን ነው። በል ጫማህን ደጅ አውልቅ።"

የስደተኛ ጉዳይ ቢሮ ስቀርብ ደግሞ ሹሙ "ማን አስፈራራህ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ ከምን ሸሸህ?"

"ሰው እንዳልገድል ነው።"

አስተርጓሚዋ ዞር ብላ "ወንድሜ፣ ሌላ ነገር ብታስብ ይሻልሃል" አለችኝ። "ግድ የለም፣ ተርጉሚው" አልኳት። ሹሙ ሳቁ። ሊገድሉት የነበረ ሰው የሚሞላው ቦታ ፎርሙ ላይ አለ፣ ሊገድል ለነበረ ግን የለም አሉ። ቀጥለውም ሰው መዋጋቱ እንደማይቀር፣ ተፈጥሮው እንደሆነ ነገሩኝ። ደሜ ፈላ። "እንደዚያ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? መሣሪያ ነበረኝ፣ ደመኛዬም ጎረቤቴ ነበር፣ ትቼው መጣሁ!" አልኩ። በሚቀጥለው ወር ተመለስ ተባልኩ። በኩራት ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ዛሬ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ደወሉ።

"ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል" አሉ። "ደሴም ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል። ጌጡ ግን ጠብመንጃውን አንግቶ፣ ታላቄ ይቅር ካላለ አልልም ብሎ ቆሟል። የቀረው ያንተ ቃል ነው ልጄ።"

"ኧረ በስልክ እርቅ አለ እንዴ?" ሲል ተሰማኝ አንድ ሽማግሌ። ሌላው ቀጠለና "አብሽር፣ አንዲት ቃል ናት፤ በላት" አለኝ።

ከዚያ የደሴ ድምፅ መጣ። "ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ፣ ወንድምዓለም" አለ። ትንፋሽ አጥሮታል፣ ድንጋዩ ከብዶታል። ደስ አለኝ። ይክበደው አልኩ በልቤ፣ ወገቡ ይቆረጥ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ስንቱን ተጣይ ይቅር በል ብዬበታለሁ። እምቢ አለኝ።

"ልጄ፣ ትሰማኛለህ?" አሉ አባቴ።

ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የጌጡ ሳል እንኳ ይሰማኛል።

"ኔትወርኩ ነው አባ፣ አይሰማም" አልኩና ዘጋሁት።

ይህን ስጽፍ ስልኩ እንደገና እየጠራ ነው። ደሴ ድንጋዩን ገና አላወረደም ማለት ነው።